የጥንቸሏ ጭብጨባ

ሲንቄ ያቺን ጥንቸል ከመጀመሪያው ቀን አልጠላቻትም። እንዲያውም በ2005 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዳይሬክተሩ ኦቦ ጃርሶ መምህራኑን ሰብስበው «የኮምፒውተር አስጠኚ ሊመጣልን ነው፤ በክፍሉ መጀመሪያ የሚሞክረው ማነው?» ሲሉ ከሁሉም ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች።

ከስልሳ በላይ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሒሳብ ያስተማረ ሰው አይፈርድባትም። ፊት የተቀመጡት ሲገባቸው መሃል ያሉት ገና ይዳክራሉ፤ ለመሃለኞቹ ስትደግምላቸው ፊተኞቹ ሰልችቷቸው የወረቀት አውሮፕላን ይሠራሉ፤ የኋለኞቹን ደግሞ ስማቸውን ለማወቅ እንኳ ጊዜ ይፈጃል። ሲንቄ ሸነን በመንግሥት ትምህርት ቤት ስታስተምርም፣ አምቦ ገብታ እዚህ የግል ትምህርት ቤት ከተቀጠረች በኋላም ነገሩ ያው ነበር። ቤቷ ስትገባ ከልቧ የማይወጡት ያልደረሰችላቸው ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ፕሮጀክቱን ይዞ የመጣው ፊራኦል ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሲያስረዳ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችው። ፊራኦል የባኮ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ እዚያው አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሥራ ይዟል። ጫማው ከአምቦ ጭቃ ጋር ገና ያልተዋወቀ፣ ሲናገር እጁ አርፎ የማይቀመጥ ወጣት ነው።

«አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ይባላል፤ ሰው ሠራሽ አእምሮ በሉት» አለ። «ልጁ ሲመልስ እያየ ያጠናዋል። ከከበደው ያቀልለታል፤ ከቀለለው ያከብድበታል። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አስተማሪ ማለት ነው። እናንተ ከኋላ ቆማችሁ ሥነ ሥርዓት ታስከብራላችሁ፤ ጣልቃ ግን አትገቡም። ጣልቃ ከገባችሁ ማሽኑ ልጁን በትክክል ሊያውቀው አይችልም።»

መጋዘን የነበረው ክፍል ተጠረገ፤ መስኮቱ በአንሶላ ተጋረደ፤ ላፕቶፖቹ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ተደረደሩ። በየስክሪኑ መነጽር ያደረገች ነጭ ጥንቸል ብቅ ትላለች። ልጁ መልሱን ሲያገኝ በኋላ እግሮቿ ቆማ ታጨበጭብና ማር በተቀባ የሴት ድምፅ «የኔ ጎበዝ! የኔ ኮከብ!» ትላለች፤ ኮከብም ትሸልማለች። ደጋግሞ ሲስት ጆሮዎቿን ዝቅ አድርጋ፣ ወንዱን «አይዞህ!» ሴቷን «አይዞሽ!» ብላ ታባብላለች። «እስኪ ቀለል ያለ እንሞክር።» ኮከቦቹ ሲጠራቀሙ ጥንቸሏ ካሮት የምትለቅምበት ጨዋታ ይከፈታል።

ልጆቹ አበዱ። ሲንቄም ደስ አላት። ክፍል ውስጥ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ አንድ ዓይን አፋር ልጅ፣ ማንም ሳያየውና ሳይስቅበት እየሳተ እየሳተ ቁጥር መቀነስ ሲለምድ በዓይኗ አየች። ባልደረቦቿ «እንግዲህ ሥራሽን ለጥንቸል አስረክበሽ ልትተኚ ነው!» ሲሏት እየሳቀች «ይተካኝ! ከደረሰላቸው ይተካኝ!» አለቻቸው።

ከነዚያ ስልሳ ልጆች መካከል ጊፍቲ የምትባል ነበረች። እናቷ ለንሳ ገበያው ዳር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ ትሰፋለች። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውን ጊፍቲ የለቃቀመችው ከመንገድና ከትምህርት ቤት ነው። ለቁጥር ግን ቋንቋ አላስፈለጋትም። ሲንቄ ጥያቄ ጽፋ ከሰሌዳው ዞር ሳትል የጊፍቲ እጅ ወጥቷል። «ቲቸር! እኔ! እኔ!» እያለች ወንበሯ ላይ ትንበረከካለች። መልሱን ተናግራም አትቀመጥም፤ በሌላም መንገድ ይመጣል፣ ካላሳየሁ ብላ ጠመኔውን ከሲንቄ እጅ ልትነጥቅ ትደርሳለች።

ከገና በኋላ ያ እጅ ጠፋ።

«ጊፍቲ፣ አንቺ ንገሪን እስኪ።»

«አላውቅም።»

«ባለፈው ሳምንት ሠርተሽው ነበር እኮ።»

«አላውቅም ቲቸር።»

ፊቷ ላይ እፍረት የለም፤ ጭንቀትም የለም። የሆነ ነገር እንደሚመጣላት እርግጠኛ ሆኖ የሚጠብቅ፣ የተዝናና ፊት ነው። ሲንቄ ታማ ይሆን ብላ ግንባሯን ዳሰሰች፤ አልጋለም። ቤት ውስጥ የተፈጠረ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ጊፍቲ ራሷን ነቀነቀችና «ኮምፒውተር ክፍል መቼ ነው የምንገባው?» አለቻት።

በዚያው ሳምንት ልጆቹ ማሽኖቹ ፊት ሲቀመጡ ሲንቄ እንደ ወትሮው በር ላይ መቆሟን ትታ ከጊፍቲ ጀርባ ሄዳ ቆመች። ክፍሉ በጋለ አቧራና በረጠበ ሹራብ ሽታ ታፍኗል። ጊፍቲ መምህሯ እንዳለች አላወቀችም።

ስክሪኑ ላይ ሰባት ሲባዛ በስምንት የሚል መጣ። ጊፍቲ አላነበበችውም፤ ከመልሶቹ አንዱን ዝም ብላ ነካች። ስህተት። ቀጣዩንም እንዲሁ። ቀጣዩንም። ጥንቸሏ ጆሮዎቿን ጣለች። «አይዞሽ! እስኪ ቀለል ያለ እንሞክር።» ሙዞች ተደረደሩ። ስንት ሙዝ አለ? ጊፍቲ ሦስትን ነካች። ጥንቸሏ ቆማ አጨበጨበች። «የኔ ጎበዝ! የኔ ኮከብ!» ደግሞ ሙዝ፣ ደግሞ ጭብጨባ፣ ደግሞ ኮከብ። ጥያቄው ጠንከር ማለት ሲጀምር ጊፍቲ እንደገና ዓይኗን ሳታሳርፍበት ስህተት እየመረጠች ወደ ሙዞቹ ተመለሰች። ካሮቱ ተከፈተ።

ይሄኔ አጠገቧ ያለችው ልጅ አንድ የማካፈል ጥያቄ ላይ ግንባሯን ቋጥራ በጣቷ በጠረጴዛው አቧራ ላይ ስትሠራ፣ ጊፍቲ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ዶጎጎሪ!» አለቻት በሹክሹክታ። «ቶሎ ዶጎጎሪ!» ተሳሳች፣ ቶሎ ተሳሳች ማለቷ ነው።

ልጅቷ ጀምራው የነበረውን ስሌት በመዳፏ ጠረገችና ተሳሳተች።

ሲንቄ ቀና ብላ ረድፉን አየች። ሁሉም ይስታሉ። አውቀው፣ ተለማምደው፣ በፍጥነት ይስታሉ። ከየስክሪኑ ያ ማር የተቀባ ድምፅ እየተደራረበ ስልሳውን ልጅ የኔ ጎበዝ፣ የኔ ጎበዝ ይላቸዋል።  ድስት ከፍቶ የሻገተ ወጥ እንዳየ ሰው ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ከክፍል ሲወጡ ጊፍቲን በረንዳው ላይ አስቀረቻት። አልተቆጣቻትም።

«ማነው ያስተማረሽ?»

«ማንም። እኔ ነኝ ያገኘሁት» አለች ጊፍቲ በኩራት። «መጀመሪያ አንድ ረጅም ጥያቄ መጣ። ነጋዴ፣ ትርፍ፣ ምናምን የሚል። አማርኛው አልገባኝም። እርስዎን ልጠይቅ ዞር ስል ‹ዝም ብለሽ ሥሪ› አሉኝ። ከዚያ ሳትኩ። ከዚያ ሙዝ መጣ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሙዝ ላይ አማርኛ የለም። ኮከቡ ደግሞ እኩል ነው ቲቸር። ለከባዱም አንድ ኮከብ፣ ለሙዙም አንድ ኮከብ። ታዲያ ለምንድነው በከባዱ የምለፋው?»

 ልጅቷ ያንን ማሽን ከሠሩት ሰዎች ይልቅ አውቃዋለች። ግን ዕውቀቷን ያዋለችው ምንም ላለማወቅ ነው፤ ይኼው ነው የሲንቄን አንጀት የበላው።

በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደች። ኦቦ ጃርሶና ፊራኦል ከሆቴል ያስመጡትን ጥብስ በአንድ ትሪ ላይ አድርገው ምሳ ይበላሉ። «ነይ ብይ፣ ሲንቄ» አሏት ዳይሬክተሩ። አልበላችም። ቆማ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው።

ፊራኦል አልደነገጠም። የጎረሰውን አላምጦ ዋጠና ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረው።

«አዴ ሲንቄ፣ እኔም አይቼዋለሁ። ከጥር ጀምሮ ይታወቃል። እዚህ ጋ ይኸውልዎት» ብሎ በጥብስ ቅባት በራሰ ጣቱ የስክሪኑን መሥመር ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ። የልጆቹ ስም በተደረደረበት ላይ የሚያብለጨልጭ የስብ ፈለግ ቀረ። «የተሠራውን ጥያቄ ብዛት ይዩ። የኮከቡን ብዛት ይዩ። ከሞከርንባቸው ከተሞች ሁሉ አምቦ አንደኛ ነው።»

«ሙዝ እየቆጠሩ ነው እኮ! የአራተኛ ክፍል ልጆች ናቸው!»

«ማሽኑ የሚሄደው በልጁ ደረጃ ነው። ምናልባት ደረጃቸው እሱ ከሆነስ?»

«ጊፍቲ ደረጃዋ ሙዝ መቁጠር ነው?»

ፊራኦል ፈገግ አለ። «ጊፍቲማ የኛ ጀግና ናት! በኮከብ አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። እንግዶቹ ሲመጡ የምናቀርበው እሷን ነው።»

ሲንቄ ወደ ኦቦ ጃርሶ ዞረች። ኦቦ ጃርሶ መጥፎ ሰው አልነበሩም፤ ተማሪዎቿ ያለ መጽሐፍ ሲቀሩ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው የሚለምኑ ሰው ናቸው። አሁን ግን አጥንት እየጋጡ ዓይኗን ሸሹት።

«እንግዶቹ ይምጡና ይሂዱ» አሏት። «ገንዘቡ ለሁለተኛ ዓመት ይፈቀድ። ከዚያ ቁጭ ብለን እናስተካክለዋለን። አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ ይምጣልን ያልሽው?»

«ልጆቹን እያደነቆርናቸው ነው የምልዎት፣ ኦቦ ጃርሶ።»

«ሲንቄ፣ ዲሲ» አሏት፤ ተዪው ማለታቸው ነው። ከአጥንቱ ላይ የመጨረሻዋን ሥጋ በጥርሳቸው ላጡት። ሲንቄ ያን ቅባት የጠጣ ከንፈር እያየች መቆም ስላልቻለች ወጣች።

ለለንሳ ልትነግራት ወደ ሱቋ ሄዳ ነበር። አልሆነላትም። ለንሳ ከስፌት መኪናዋ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ትምህርት ቤቱ የሰጣትን የምስክር ወረቀት ለጥፋዋለች። ነጯ ጥንቸል ታጨበጭባለች፤ ከሥሯ «ጊፍቲ የኮከቦች ኮከብ» ተጽፏል። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ እንዲያነብላት ትጠይቃለች። ሲንቄ ነገሩን ስትጀምርላት ለንሳ መርገጫውን አቆመች።

«ቲቸር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለች። «ልጄን ፈረንጅ የሠራው ማሽን ጎበዝ ናት ሲላት፣ እርስዎ መጥተው አይደለችም ይሉኛል?»

«ጎበዝ ናት። ከሚላትም በላይ ጎበዝ ናት። ችግሩ እሱ ነው።»

ለንሳ አልገባትም፤ ከፍቷት መርገጫውን እንደገና ጀመረች።

እንግዶቹ በሚያዝያ መጡ። ሁለት ነጫጭ መኪኖች ግቢው ውስጥ ቆሙ። ጠረጴዛ ለበሰ፤ የአምቦ ውሃ ተደረደረ፤ መብራት ቢጠፋ ተብሎ ጄኔሬተር በኪራይ መጥቶ ከጓሮ ይጮሃል፤ የናፍጣው ጭስ በአንሶላው ሥር ገብቶ ክፍሉን ሞልቶታል። የተመረጡት ልጆች ፀጉራቸው በቅባት ተለስልሶ ማሽኖቹ ፊት ተቀመጡ። ከወላጆች ጥቂቱ ተጠርተዋል፤ ለንሳ ራሷ የሰፋችውን አዲስ ቀሚስ ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ፊራኦል አብራራ። እንግዶቹ ሰሙ። ከዚያ ጊፍቲ ሠራች፤ ሥራውም ሙዝ ነበር። እንግዶቹ የቆሙት በስክሪኖቹ ጀርባ በኩል ነው፤ የሚታያቸው የልጅቷ ፊትና የጣቶቿ ፍጥነት፣ የሚሰሙት የጥንቸሏ ጭብጨባ ብቻ ነው። «የኔ ጎበዝ! የኔ ጎበዝ!» ካሜራ ብልጭ አለ። ኦቦ ጃርሶ ላባቸውን ጠረጉ።

ሲንቄ ማንም ሳይጠራት ወደ ፊት ወጣች።

«አንድ ጥያቄ እኔ ልጠይቃት» አለች። ፊራኦል አፉን ሲከፍት ከእንግዶቹ መካከል የነበሩ ሽበታም ሴት «በደስታ! መምህርቷ ናቸው አይደል?» አሉ። ፊራኦል አፉን ዘጋ።

ሲንቄ የላፕቶፑን ክዳን ቀስ አድርጋ ከደነችው። ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ እንግዶቹ እንዲሰሙ በአማርኛ ጠየቀቻት። «ጊፍቲ፣ ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት ነው?»

ልጅቷ ታውቀዋለች። በኅዳር ወር ወንበር ላይ ተንበርክካ የመለሰችው ነው። ሲንቄ ያሰበችው እውነቱ በሰው ፊት እንዲወጣ ነው፤ ልጅቷ ትመልስና ታዲያ ሙዝ ምን ያስቆጥራታል ልትላቸው ነው።

ጊፍቲ ቀና ብላ አየቻትና ፈገግ አለች።

«አስር።»

«አስቢና።»

«አስር» አለች ጊፍቲ፣ ሳታስብ።

«ጊፍቲ! ሰባት ሲባዛ በስምንት።»

«አስር።»

ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። ያ የተዝናና፣ ምንም ያላጠራጠረው ፊት ወደ ሲንቄ ተዘርግቷል። ጄኔሬተሩ ከጓሮ ይጮሃል። የምትጠብቀው ሲዘገይባት ልጅቷ በትንሹ ተቆጣች።

«ቲቸር» አለች በሹክሹክታ፣ የረሳ ሰው እንደሚያስታውሱ ሁሉ። «‹አይዞሽ› ይበሉኛ!»

ሽበታሟ ሴት ሳቁ። «ውይ፣ እንዴት ደስ ትላለች!» አሉና አጨበጨቡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ፊራኦል ከሁሉም አስበልጦ አጨበጨበ፤ ኦቦ ጃርሶም አጨበጨቡ፤ ከዳር እስከ ዳር በጭስ በታፈነው ክፍል ውስጥ ጭብጨባ ሆነ። ጊፍቲም የመጣውን ጭብጨባ እንደ ደንቡ ተቀብላ ኮከቧን ፈለገች።

ሲንቄ ጭብጨባው ሳያልቅ ወጣች። ከውሃው ቧንቧ አጠገብ ግድግዳውን ይዛ ጎንበስ አለች፤ ቁርሷ ሁሉ ወጣ። አፏን ታጥባ ስትዞር ለንሳ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ከዚያ ክፍል ውስጥ ሳያጨበጭብ የወጣ ሌላ ሰው እሷ ብቻ ናት።

«ቲቸር» አለች ለንሳ። አዲሱን ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨምድዳዋለች። «ሰባት ሲባዛ በስምንትን እኔም አውቀዋለሁ። ጨርቅ እለካ የለ። ልጄ ምን ሆና ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲንቄ ክፍሏን ወደ ኮምፒውተሩ መውሰድ አቆመች። ኦቦ ጃርሶ መጀመሪያ ለመኗት፣ ቀጥሎ ተቆጧት፣ በመጨረሻ ሌላ መምህር ልጆቹን እንዲወስድ አደረጉና እሷን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስቀመጧት። ሁለተኛው ዓመት ተፈቀደ። ፊራኦል ፕሮጀክቱን ባኮና ሌሎች ከተሞች ላይ እንዲከፍት ተሾመ።

ጊፍቲን ግን እናቷ አሳልፋ አልሰጠችም። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እጇን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ታመጣት ጀመር። ሲንቄ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ፊቷ አስቀምጣ አንድ ጥያቄ ትጠይቃትና ዝም ትላለች። ጊፍቲ ትስታለች። ሲንቄ ዝም። እንደገና ትስታለች። ሲንቄ ዝም። ልጅቷ ዓይኗን ወደ መስኮቱ፣ ወደ እናቷ፣ ወደ ጣሪያው ትልካለች።

«ቀለል ያለ ይጠይቁኝ።»

«የለኝም።»

«ለምን የለዎትም?»

«ለአንቺ ሌላ ጥያቄ የለኝም። ያልገባሽ ቃል ካለ ጠይቂኝ፤ በኦሮምኛ እነግርሻለሁ። መልሱን ግን አንቺ ነሽ የምታመጪው።»

መጀመሪያ ቀን እርሳሱን ወረወረችው። በሌላ ቀን ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እየጮኸች አለቀሰች፤ ለንሳ ልትነሳ ስትል ሲንቄ በዓይኗ መለሰቻት። ለሲንቄም ነገሩ ቀላል ሆኖላት አይደለም። ሕፃን ልጅ አጠገብ ተቀምጦ አይዞሽ አለማለት ይከብዳታል። ግን ቃሉ በዚያ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ሲመጣባት ትተወዋለች።

አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጊፍቲ አንድ የነጋዴ ጥያቄ ላይ ብዙ ከቆየች በኋላ ቀና ሳትል «ትርፍ ማለት ምንድነው?» አለች። ሲንቄ ነገረቻት። ልጅቷ ጻፈች፤ ሰረዘች፤ ከንፈሯን ነክሳ እንደገና ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን በንዴት ወደ ሲንቄ ገፋችው። ልክ ነበር። ማንም አላጨበጨበም። ለንሳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሰኔ ላይ ሲንቄ የሥራ መልቀቂያዋን አስገብታ ወደ ሸነን፣ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ተመለሰች። መናኸሪያ ድረስ የሸኟት ለንሳና ጊፍቲ ናቸው። ለንሳ ልጇን ከዚያ ትምህርት ቤት አስወጥታ፣ ቤት አጠገብ ኦሮምኛ ወደሚያስተምሩበት እንደምታስገባት ነገረቻት። የትምህርት ቤቱ ዘበኞች በየመንገዱ ዳር አዲሱን የምዝገባ ማስታወቂያ ለጥፈዋል፤ «ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አስተማሪ» ይላል። ሲንቄ ስታነበው ፊቷን አዞረች።

ጊፍቲ ግን አልሳመቻትም። እናቷ ብትገፋትም እጇን ወደ ኋላ ይዛ ቆመች። ሲንቄ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ መስኮቱ አጠገብ ስትቀመጥ ብቻ ቀረብ ብላ ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ጠልቼዎት ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ጊፍቲ አሰበችበት። እውነቱን ለመናገር ፈልጋ ቅንድቧን ሰብሰብ አደረገች።

«አሁንም ትንሽ እጠላዎታለሁ» አለች።

«ደግ አደረግሽ» አለች ሲንቄ፤ ረዳቱ በሩን ዘጋው።